የአይጠግቤ ሌላኛው ጫፍ

ከሰውየው በፊት ሽታው ደረሰ። የፓርኩ የውሃ ባለሙያዋ የዝናብ መለኪያዋን አንብባ ከተራራው ወገብ ቁልቁል ስትወርድ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ የበሰበሰ ነገር እንዳለ ነፋሱ ነገራት። አፍንጫዋን ይዛ ታጠፈች። ነጭ ፒካፕ በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከኋላው በገመድ የተጠፈሩ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከፈነዳው ጎማ አጠገብ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ተንበርክከው ከብሎን ጋር ይታገላሉ።

በከተማው ውስጥ ጎማ ለመቀየር እንኳ ነጭ ጋዋኑን የማያወልቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው።

ሰው ሁሉ «ጋሽ ንጹሕ» ይላቸዋል። ለሽሙጥ አይደለም፤ ይገባቸዋል። የልኳንዳቸው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ነጭ ሴራሚክ ነው። ወለሉ ጠዋትና ማታ በበረኪና ይታጠባል። እዚያ ቤት ዝንብ ብትገባ ይቅርታ ጠይቃ ትወጣለች ይባላል።

«ጋሼ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ዓይንሽ አያይም? ጎማ እቀይራለሁ።»

«ጎማውንማ አየሁት። የጠየቅሁዎት ስለ በርሜሎቹ ነው።»

«በርሜል ነዋ! በርሜል አታውቂም? ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?»

ይህች ልጅ ብዙ መልካም ነገር ይዛ የተፈጠረች ብትሆንም፣ ትዕግሥት ሲታደል ግን ሰልፉን ጥላ የሄደች ናት። ወደ በርሜሎቹ ሄዳ የአንዱን ክዳን ገለጥ አደረገችና ወዲያው መልሳ ከደነችው። ውስጡ ያለው የልኳንዳ ተረፈ ምርት ነው፤ አንጀት፣ ፈርስ፣ አጥንት። ከላዩ ደግሞ ሳይሸጥ የተበላሸ ሥጋ ተጨምሮበታል። ያልተሸጠበትንም ምክንያት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የጤና ተቆጣጣሪው መጥቶ፣ ሥጋው ከሚታጠብበት የቧንቧ ውሃ ናሙና ወሰደ። በውሃው ውስጥ ከአንጀት የሚወጣ ተህዋስ ተገኘ። ሕዝቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ታዘዘ፤ የጋሽ ንጹሕ ልኳንዳ ደግሞ ታሸገ። እኒህን ሰው በቆሻሻ ከስሶ ቤታቸውን ማሸግ፣ ዓሣን «ሰጥመሃል» ብሎ እንደ መቅበር ነው።

«ወዴት ሊወስዱት ነው?» መልሱን እያወቀች ጠየቀች።

«ወደ ቦታው።»

«ወደ አይጠግቤ?»

«ሌላ ቦታ አለ እንዴ?»

አይጠግቤ ከተራራው ትከሻ ላይ ያለ ጉድጓድ ነው። አፉ አንድ ቤት ይውጣል፤ ድንጋይ ቢወረውሩበት የሚያርፍበት አይሰማም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሞተ ከብት፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የነቀዘ እህል፣ ሁሉም ወደዚያ ነው። ሞልቶ አያውቅም፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ በዚህ ልማድ አያፍርም፤ ይኮራበታል እንጂ። «እኛ እንደ ሌላው ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ አንጥልም። ውሃ እናከብራለን። ዳገት ወጥተን፣ ነዳጅ አቃጥለን ነው ቆሻሻችንን የምንጥለው» ይላል። ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ እዚያ መጣል ተከልክሏል። ክልከላው ግን ያለው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ፍየሎች ጀርባቸውን ያክካሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፓርክ ነው። ሰሌዳውን አልፈው ነው የመጡት።»

«አንብቤዋለሁ። የትኛውን ቅጠል ቀጠፍኩ? የትኛዋን ወፍ እሽ አልኩ? መጀመሪያ ‹ድንጋይ አትፍለጡ፣ ኖራ አታቃጥሉ› አላችሁን። ቀጥሎ ‹ከብት አታሰማሩ› አላችሁ። ለድንጋይ ዘበኛ ቀጠራችሁለት! አሁን ደግሞ የጉድጓዱ ተራ ደረሰ። ነገ ለጉድጓድም ደመወዝ ትቆርጡለት ይሆናል።»

«ቧንቧችን ውስጥ ያለው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከምንጩ።»

«ምንጩ ውስጥስ ከየት ይመጣል?»

«ከፈጣሪ።»

ባለሙያዋ ግንባሯን አሸች። «እሺ። ከፈጣሪና ከምንጩ መካከልስ ምን አለ?»

ጋሽ ንጹሕ ቀና ብለው አዩና «ተራራ» አሉ።

«ተመስገን! ተራራ። የሚጥሉትስ የት ነው?»

«እሱ ሌላ ነው» ብለው ወደ ብሎናቸው ተመለሱ። «ይልቅ ስሚኝ። ከነገ ወዲያ ምክር ቤቱ ክሴን ይሰማል። አጣቢዋን ከዚያ አስነሥቼ፣ ውሃችንን አጽድቼ፣ ቤቴን አስከፍታለሁ። አለቀ።»

አጣቢዋ የሚሏት፣ የሁለት ማረፊያ ቤቶችን አንሶላ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። የምታጥበው ከምንጩ ቤት ሥር በሚወርደው የድንጋይ መፋሰሻ ነው። ከዚያ ብትነሣ በከተማው ሌላ ወራጅ ውሃ የለም። ምክር ቤቱ ደግሞ የጋሽ ንጹሕን ቃል መሬት አይጥልም። አንድን ነገር ‹ቆሻሻ ነው› ካሉ፣ በከተማው ያ ነገር ቆሻሻ ነው።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ የምታጥበው ከምንጩ በታች ነው። ውሃ ሽቅብ ይሄዳል?»

«ሳሙናዋ—»

«የተገኘው ከአንጀት የሚወጣ ነገር ነው። ሳሙና አንጀት አለው?»

«የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንሶላ ነው የምታጥበው። በዚያ አንሶላ ላይ ምን ምን እንዳለ እኔ አጎትሽ ላስረዳሽ? ነውር ነው።»

«ሺህ ነውር ይኑርበት! ከምንጩ በታች ናት ነው የምልዎት!»

«አትጩኺብኝ። ይልቅ መኪናው እንዳይንሸራተት ድንጋይ አምጪና ከኋላ ጎማው ሥር አድርጊልኝ።»

ድንጋይ አመጣች። ስታደርገውም ድንጋዩን የጠላችው ይመስል በእርግጫ ነበር። ከዚያም ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እስቲ ይንገሩኝ። ያ ሁሉ ዘመን የተጣለው ነገር የት ሄደ?»

«መሬት በላው።»

«መሬት አፍ አለው ማለት ነው?»

«ይኸው አለዋ። አይጠግቤ አፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

«ታዲያ አፍ ያለው ነገር ሁሉ ሌላም ጫፍ አለው፣ ጋሼ። ዕድሜዎን ሙሉ ከብት ሲያርዱ፣ ሲገፍፉ፣ አንጀት ሲዘረጉ ኖረዋል። በላይ ገብቶ በታች ያልወጣ ነገር አይተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ንጹሕ ሊስቁ አሉና ከንፈራቸውን ነክሰው ተዉት። ለእህት ልጅ ቀልድ መሳቅ በክርክር መሸነፍ ይመስላል።

«አፍሽ ሥራ አይፈታም» አሉ። «እሺ፣ ይውጣ እንበል። ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አይጣራም? እናቴ የደፈረሰ ውሃ በአሸዋ ስታጣራ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄን የሚያህል ተራራ ማጣራት ያቅተዋል?»

ይህ ደህና ጥያቄ ነበር። ባለሙያዋም፣ ሐቁን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ክርክር ውስጥ ያከበረችው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሸዋ ቢሆን ኖሮ እውነትዎን ነው። ይሄ ግን የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ስንጥቁ ቀዳዳ ይሆናል፤ ቀዳዳው ዋሻ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን ቱቦ ለቱቦ የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ወንዝ አይተዋል? አላዩም። ዝናቡ ግን ይዘንባል። ሁሉም ጠልቆ ገብቶ ነው ታች በምንጩ የሚወጣው። ወንፊት ብለው ያመኑት ተራራ ቧንቧ ነው። ፓርክ ተብሎ የተከለለው ለወፉ ብቻ አይደለም፤ ለፎቶ አንሺውም አይደለም። የከተማው የውሃ ጋን ስለሆነ ነው። እርስዎ በጋኑ አፍ ውስጥ አንጀት ይጨምራሉ፤ ከዚያ ወርደው በቧንቧ ቀድተው ሥጋዎን ያጥቡበታል።»

«ምን አልሽ?» ጋሽ ንጹሕ ተነሡ። ፊታቸው እንደ ሥጋቸው ቀላ። «እኔ? እኔ ሥጋዬን በፈርስ አጥባለሁ? አባትሽ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ባለጌ ነበር!»

«አልሰደብኩዎትም፤ የሚሆነውን ነው የነገርኩዎት።»

«በተራራ ውስጥ ገብተሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን አሳይዎታለሁ።»

እንግዲህ ቁጣ ያለበት ውል እንዲህ ነው የሚፈጸመው። የውሃን መንገድ ለመከታተል የሚያገለግል፣ ሰውን የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም በቢሮዋ አለ። አይጠግቤ ውስጥ ተጨምሮ በምንጩ ከወጣ፣ ጋሽ ንጹሕ ክሳቸውን ያነሣሉ። ካልወጣ እሷ በምክር ቤቱ ፊት አፏን ትይዛለች፤ ለአጣቢዋ ሊከራከርላት ያሰበ ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሌላ ሰው ኑሮ ላይ መወራረዷ የታወቃት።

ጋሽ ንጹሕ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «ቀለሙ እኔ ዘንድ ያድራል» አሉ። «የምንጩን ቤት በራሴ ቁልፍ እቆልፋለሁ። የማፈስሰውም እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ከዓይኔ አትርቂም፤ ዘወር ብለሽ ምን እንደምትሠሪ አይታወቅም።»

«የእህትዎ ልጅ እኮ ነኝ!»

«ስለዚህ ነው። አመጣጥሽን አውቀዋለሁ።»

የዚያን ቀን በርሜሎቹ ወደ ጉድጓዱ አልሄዱም። ሁለቱ ተጋግዘው ጎማውን ቀየሩና መኪናው ወደ ታች ዞረ። ጋሽ ንጹሕ መስኮቱን ዘግተው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ሄዱ፤ ሽታውም ከኋላቸው ተከትሎ ከተማ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያዋ የውሃ ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅዳ ወደ ከተማው የሚሄደውን ዋና ቧንቧ አዘጋች። «ውሃ ስለሚቋረጥ ቀድታችሁ አስቀምጡ» እየተባለ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ጋሽ ንጹሕ የምንጩን ቤት የብረት በር ቆለፉ፤ ጎተት ጎተት አድርገው ፈተሹት፤ ቁልፉን በጋዋናቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ተራራውን ወጡ። አይጠግቤ አፍ ላይ ቆመው የቀለሙን ጠርሙስ ዙሪያውን አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ በምትወርደው ትንሽ ጅረት ላይ አፈሰሱት። አረንጓዴው ለአፍታ አበራና ጨለማው ዋጠው።

«ደህና ሁን» አሉት። «ዳግመኛ አንገናኝም።»

ከዚያ ወርደው ከምንጩ ቤት ፊት ለፊት በሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ። ባለሙያዋ ዓይኗን ከመፋሰሻው አልነቀለችም። ጋሽ ንጹሕ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

«ባል ብታገቢ ኖሮ ዛሬ ምንጭ ስትጠብቂ አትውዪም ነበር።»

«ባል ባገባ ኖሮ እርስዎን ማን ይጠብቅልኝ ነበር?»

«ለአንቺ ባል የሚሆን ሰው ቀድሞ መዶሻ የለመደ ብረት መሆን አለበት።»

«ሲገኝ ይጥሩኝ።»

ቀትር አለፈ። ጋሽ ንጹሕ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ማንኮራፋት ጀመሩ። ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ስታዘነብል፣ ባለሙያዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ጋሼ! ይነሡ! ይዩ!»

በመፋሰሻው የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ መሰለ። ቀጥሎ ደመቀ። ከዚያም ከላይ እስከ ታች፣ ውስጡ መብራት የበራበት ይመስል፣ አረንጓዴ ሆነ። ጋሽ ንጹሕ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«የሣሩ ነጸብራቅ ነው።»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ ቀለሙ ነው። ይሁን፣ ወጣ። ምን ያስጮኻል?» ተነሥተው የብረት በሩን ፈተሹ፤ ቁልፉ እንደነበረ ነው። «ቀለም እኮ ቀጭን ነገር ነው። የትም ሾልኮ ያልፋል። አንጀት ወፍራም ነው፤ አጥንት ድንጋይ ነው። እነሱ እዚያው ቀርተዋል።»

«አንጀቱ ይቅር! የሚመጣው ተህዋሱ ነው። ተህዋስ ደግሞ ከቀለሙ ጠብታ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።»

«አይተሽዋል?»

«በአጉሊ መነጽር፣ አዎ።»

«እኔ አላየሁትም።»

ባለሙያዋ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ ውሃ ጥግግት፣ ስለ ድንጋይ ዕድሜ፣ ስለ ዋሻ አሠራር ብዙ ተምራለች። በዓይኑ ያየውን ለአፉ ለማይነግር ሰው ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማራት የለም። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ትከሻዋ ወረወረች። ነገ ያቺ ሴት ትባረራለች፤ ልጆቿን የምታሳድግበት ሥራ ይቀርባታል፤ ውሃው ግን እንደቆሸሸ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ የሚከሰስ ይፈለጋል። ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት ከታች ጩኸት ተሰማ።

አጣቢዋ ነበረች። በሁለት እጆቿ ነጭ የነበረ፣ አሁን ግን የበቀቀን ላባ የመሰለ አንሶላ ዘርግታ፣ ውሃ እያንጠባጠበች ሽቅብ ትሮጣለች። ባለሙያዋ ይህን ስታይ ደረቷን መታች። ለመላው ከተማ በድምፅ ማጉያ አስነግራለች፤ ከቧንቧ ሳይሆን ከመፋሰሻው የምትጠቀመውን አንዲት ሴት ግን አላሰበቻትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

አጣቢዋ ግን ባለሙያዋን አላየቻትም። ያየችው ነጩን ጋዋን ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ግፍ ነው!» አለች። «ክስዎን ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ‹ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምክር ቤት ፊት እንነጋገራለን› አልኩ። እርስዎ እስከ ነገ መታገሥ አቅቶዎት መርዝ አምጥተው ከላዬ ያፈስሳሉ? የማረፊያ ቤቱን አንሶላ ይዩት! ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ንጹሕ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እናቴ ትሙት፣ እዚህ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም! በሩ ይኸው፣ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ያፈሰስኩት ላይ ነው፤ ተራራው ላይ፤ አይጠግቤ ውስጥ። ይህቺ ልጅ ምስክሬ ናት።»

«አይጠግቤ የት፣ ይሄ የት! ተራራ አለ በመካከሉ። ልጅ መሰልኩዎት?»

«ተራራ ቢኖርስ! ውስጡ ክፍት ነው!»

«ድንጋይ ነው የማየው እኔ።»

«ከውጭ ነው ድንጋይ! ይሄ እኮ የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ዋሻ ይሆናል፣ ቱቦ ይሆናል—»

«ተራራ ደግሞ ያጣራል እንጂ—»

«አያጣራም!» ጋሽ ንጹሕ በወንበሩ ጀርባ ላይ በመዳፋቸው መቱ። ግንባራቸው ላቦት አውጥቷል። «አያጣራም፣ ሴትዮ! ወንፊት አይደለም፣ ቧንቧ ነው! እዚያ ላይ የገባ ነገር ሁሉ እዚህ ታች ይወጣል! ጠዋት በገዛ እጄ ጨመርኩት፤ ይኸው ወጣ! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ባለሙያዋ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች። በሕይወቷ መናገር የሚቻልበት ሰዓት ላይ ዝም ስትል ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አጣቢዋ አንሶላውን ቀስ ብላ አወረደችው። «ሁሉ ነገር?» አለች።

«ሁሉ ነ…»

ጋሽ ንጹሕ አልጨረሱትም። ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው አገኙና ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ አረንጓዴውን ውሃ ተመለከቱ። ከዚያ እጆቻቸውን ከፊታቸው ዘርግተው መዳፋቸውን፣ ጀርባውን፣ ጥፍራቸውን አዩ። እኒያ እጆች ከየትኛውም የከተማው ሰው እጅ በላይ በሳሙና ታጥበዋል።

«በምን ነበር የማጥበው?» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን… ሥጋውን በምን ነበር የማጥበው?»

አጣቢዋ አንሶላውን ጠመዘዘች፤ አረንጓዴ ውሃ ጫማቸው ላይ ጠብ አለ። እግራቸውን አላሸሹም።

በነጋታው የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሰው ጋሽ ንጹሕን ለመደገፍ ነው የመጣው፤ ቧንቧቸው የቆሸሸባቸው ሰዎች ጥፋተኛ ለማየት ይጓጓሉ። አጣቢዋ በመጨረሻው ረድፍ፣ እጇን በጭኗ መካከል አድርጋ ተቀምጣለች። ባለሙያዋ ሥዕል፣ ካርታ፣ የናሙና ውጤት ታቅፋ መጥታለች። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ «ክሱን የሚያሰማ ይቅረብ» ሲል ሁለቱም አብረው ተነሡ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አሏት ጋሽ ንጹሕ። «ይህን በደንብ የማስረዳው እኔ ነኝ።»

«ካርታውን እንኳ…»

«ካርታ አያስፈልግም። ቁጭ በይ አልኩሽ።»

ቁጭ አለች፤ ካርታውን ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ አነቀችው።

«ክሴ እንዳለ ነው» አሉ ጋሽ ንጹሕ፣ ወደ ሰብሳቢው ዞረው። «ውሃችንን ያቆሸሸ ሰው አለ፤ ይቀጣልኝ ብዬ ነበር፤ አሁንም ይቀጣልኝ እላለሁ። የተለወጠው ተከሳሹ ብቻ ነው። አጣቢዋ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ ደበደበ።

«ብቻዬን እንዳልሆንኩ ደግሞ ልብ በሉ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንተ፣ አምና የሞተ በሬህን የት ጣልከው? አንተስ፣ ያን ሁሉ የተበላሸ ዶሮ? ‹ወንዝ አናቆሽሽም› እያልን ስንኮራ፣ ውሃችንን ከራስጌው ነበር የምናቆሽሸው። ትናንት ቀለም ጨመርኩ፤ ሳይመሽ ወጣ። ዓይናችሁን ካላመናችሁ የማረፊያ ቤቱን አንሶላ ሂዱና እዩ። ዛሬም አረንጓዴ ነው።»

«ታዲያ የት እንጣል?» አለ ከመሃል አንድ ሰው። «ጉድጓዱን ፓርኩ ከዘጋው ከብታችን ሲሞት ወደ ጓዳችን እናስገባው?»

«ጥያቄ ነው» አሉ ጋሽ ንጹሕ፤ ጠያቂውንም በፍቅር ዓይን አዩት። «ከከተማው በታች ያለው ሜዳ መሬቱ ሸክላ ነው፤ ውሃ አያሰርግም። እዚያ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ከሥሩ ለስነን፣ ክዳን አድርገን እንቀብራለን። አጥንት አይጣልም፤ ደርቆ ይፈጫል፤ የዶሮ መኖ ነው። ፈርስ አይጣልም፤ በስሎ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጎመን የምትተክሉ ትሻሙበታላችሁ። ለአይጠግቤ ስናጓጉዝ የምናቃጥለው ነዳጅ ይቀርልናል። ውሃችን ከጠራ የታመመ ልጅ አቅፎ ክሊኒክ መሰለፍ ይቀርልናል። ማገዶ አቃጥሎ ውሃ ማፍላት ይቀርልናል። የእኔም ቤት እሽጉ ይነሣል፤ ደጄንም የምከፍተው ንጹሕ ሆኜ ነው እንጂ ንጹሕ ተብዬ አይደለም። ፓርኩን ‹የድንጋይ ዘበኛ› እያልኩ ስሰድበው ኖሬያለሁ። የሚጠብቀው ድንጋዩን አይደለም፤ ጉሮሯችንን ነው።»

ባለሙያዋ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በልቧ ደገመቻት። በሁለት ዓመት የፓርክ ሥራዋ እንዲህ አሳጥራ ተናግራት አታውቅም። ይህም አናደዳት።

«አጣቢዋን በተመለከተስ?» አለ ሰብሳቢው።

«ከቦታዋ አትነሣም። እንዲያውም ጣሪያና የሲሚንቶ ገንዳ ይሠራላት። በእኔ ወጪ። የተበላሸባትንም አንሶላ እተካለሁ።»

«የቀለሙ ነገር የእኔ ጥፋት ነው» አለች ባለሙያዋ ተነሥታ። «ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንሶላውን የምተካው እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ፣ ስብሰባ አትረብሺ!»

አጣቢዋ በመጨረሻው ረድፍ ሳቀች። ሌላውም ሳቀ። ምክር ቤቱ የዚያኑ ዕለት የአይጠግቤ አፍ እንዲታጠር፣ በሸክላው ሜዳ ላይ መቀበሪያ እንዲቆፈር ወሰነ። ጋሽ ንጹሕንም፣ እንደ ጠየቁት፣ ቀጣቸው።

ዝናቡ መጥቶ ተራራውን ደጋግሞ ካጠበው በኋላ ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ፤ ውሃ ማፍላት ቀረ፤ ልኳንዳው ተከፈተ። የከተማው ሰው ከዚህ የተማረው ብዙ ቢሆንም ዋናው አንድ ነው። ‹ጣልኩት› ማለት ‹ጠፋ› ማለት አይደለም። ከዓይናችን የራቀ ነገር መንገድ ላይ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ሳንጠይቅ ከጣልነው፣ ሊጠይቀን ቤታችን ድረስ ይመጣል።

ጋሽ ንጹሕ አሁን እሑድ እሑድ፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ በነጭ ጋዋናቸው አይጠግቤ አጥር አጠገብ ይቆማሉ። ተራራውን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስቆሙና «ከውጭ ስታየው ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን ቱቦ ነው» ብለው ይጀምራሉ። አንድ ቀን ባለሙያዋ የዝናብ መለኪያዋን ልታነብ ስታልፍ፣ አንዲት ጎብኚ «ይህን ማን ደረሰበት?» ብላ ስትጠይቃቸው ሰማች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ንጹሕ፣ ሳያመነቱ።

ባለሙያዋ ቆመች፤ ዞረች፤ አፏን ከፈተች። ከዚያም በከተማው ዛሬ ስንት ልጅ ውሃውን ሳያፈላ እንደጠጣ አሰበችና አፏን ዘግታ መንገዷን ቀጠለች።